ሦስት ጊዜ የረታሁት ጓደኛዬ በስዊዘርላንድ ተመረጠ

በሰው ሹመት ሆዱ ያረረ ጠበቃ አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ። ጌትነት እንጅባራ ውስጥ ከቢሮዬ ጎን የሚሠራ ጠበቃ ነበር። በፈረስ ባለቤትነት ክርክር ፍርድ ቤት ሦስት ጊዜ ረትቼዋለሁ። ታዲያ እሱ ስዊዘርላንዳዊት አግብቶ ሄደ፤ ዜግነት አገኘና ዘንድሮ የአንዲት ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። እኔስ? እዚሁ ነኛ!

ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩለት።

«ዛሬ ምን ስትወስኑ ዋላችሁ?» አልኩት።

«የላሞች የአንገት ደወል እንቅልፍ ነሳን የሚሉ ሰዎችንና ባለላሞቹን ስናዳምጥ ዋልን።»

ይህም ሥራ ሆኖ ሰው ይመረጥበታል? ብዬ ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ በምሬት ነገርኳቸው።

«እሱማ ዱሮም ሰውን ሳያስጨርስ አይናገርም ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን…»

ምን ሊሉኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አቋረጥኳቸው።