ዘንዶውን ስለሚረታው ልብስ ሰፊ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ቦታ፦ የሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ (አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ ምድር ቤቱ ደግሞ ዘንዶ አለበት)

የተገኙ፦
1. ጡረታ የወጡት የስፖርት አስተማሪ፣ ሰብሳቢ
2. ባለ ሱቋ፣ አባል
3. ቧንቧ ሠራተኛው፣ አባል
4. ልብስ ሰፊው፣ አባልና ዘንዶውን እንዲገድሉ የተመረጡ ጀግና
5. የልብስ ሰፊው ባለቤት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። ሻንጣ ይዘው ሲወጡ ታይተዋል።

ከሰባቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ዘንዶውም ነዋሪ ነውና ይቆጠር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሆኖም ከማሳል በቀር ተናግሮ ስለማያውቅ እንዳይቆጠር ተወስኗል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ባለፈው ስብሰባ ጸሐፊዋ ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ በጥድፊያ የገለበጠችው ትንቢት ተነበበ፦ «ዘንዶውን የሚረታው የዚህ ሕንፃ ልብስ ሰፊ ነው።» ልብስ ሰፊው «እንኳን ዘንዶ፣ መርፌ ሲወጋኝ ጎረቤት የምጠራ ሰው ነኝ» ሲሉ ተቃውመዋል። ሰብሳቢው ትሕትና የጀግና ምልክት መሆኑን አስረድተዋል። በሦስት ድምጽ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። ጸሐፊዋ የተመራጩ ሚስት ስለሆነች ድምጽ እንዳትሰጥ ተከልክላለች። ተናዳለች።

አጀንዳ 2፦ የጀግናው ትጥቅ

ለሰይፍ የመጋረጃ ዘንግ ቀረበ። ባለ ሱቋ የድስት ክዳን ለጋሻ ሰጥተው፣ ሳይጠቁር እንዲመለስላቸው አሳስበዋል። ቧንቧ ሠራተኛው የሙቅ ውኃው ቧንቧ በዘንዶው ሆድ ሥር እንደሚያልፍ፣ ዘንዶው ከሞተ ሁሉም በቀዝቃዛ እንደሚታጠብ ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዘንዶው በከፊል እንዲገደል ተወስኗል።

በየትኛው በኩል የሚለው ሲያከራክር ልብስ ሰፊው ዘንጉንም ክዳኑንም ትተው፣ መቀሳቸውንና ሜትራቸውን ይዘው «በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ወረዱ። ጸሐፊዋ ይህን መስመር የጻፈችው ቆማ፣ ወደ ታች እያየች ነው።

አጀንዳ 3፦ የጀግናው ሐውልት

ሰብሳቢው ሐውልቱ ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ እንዲቆም ሐሳብ አቀረቡ። ቦታውን ለማየት የተላኩት ቧንቧ ሠራተኛ እየሮጡ ተመልሰው «ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ልብስ የሚባል ነገር የለም! ልበ ሰፊ ነው የሚለው!» ብለዋል።

ጸሐፊዋ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን አመነች። ሃያ ሁለት ዓመት በባሏ ሱቅ ሰሌዳና ደረሰኝ ላይ «ልብስ ሰፊ» ስትጽፍ እጇ ለምዶበት መሆኑን አስረዳች። አልቅሳለች፤ ይህም እንዲመዘገብ ራሷ ጠይቃለች።

ሰብሳቢው ከእኔ የበለጠ ልበ ሰፊ የለም ብለው ራሳቸውን ጠቆሙ። ባለ ሱቋ ጮክ ብለው ስለሳቁባቸው ጥቆማው ውድቅ ሆኗል። ጸሐፊዋ በዚህ መካከል ወደ ደረጃው ጫፍ ሮጣ «አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ! የኔ ስህተት ነው!» ብላ ተጣርታለች።

ከታች የመጣው መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ምኑን ልመለስ? ሜትሩ አልደረሰለትም፣ ሁለተኛውን አምጪልኝ! ብርድ ነው እንዲህ የሚያስለው፤ ካፖርት እሰፋለታለሁ። ደግሞ ጨዋ ነው፣ ክንፍህን አንሳ ስለው ያነሳል!»

ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው ስህተቱ በቃለ ጉባኤው ይታረም አሉ። ባለ ሱቋ ግን «ምኑ ይታረማል፣ እህቴ? ልበ ሰፊ ባይሆን ግደል ለተባለው ዘንዶ ካፖርት ይሰፋ ነበር?» ብለው ጸሐፊዋን አቅፈዋታል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ግድያው፣ ከፊል ግድያው፣ ትጥቁና ሐውልቱ በሙሉ ድምጽ ተሽረዋል። ጸሐፊዋም ድምጽ ሰጥታለች። የጸሐፊዋ ስህተት ብቻ ባለበት እንዲጸና ተወስኗል።

ስብሰባው 11፡20 ላይ ተበትኗል። ጸሐፊዋ ፊርማዋን ያላኖረችው ሁለተኛውን ሜትር ይዛ ስለወረደች ነው።