ባልዲ መረጥን፣ ጠመንጃ ወጣልን

ሰኔ በተጋመሰ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሶፊ ውስጥ አዲስ በተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ እሾሃማ ሽቦ ታጠረ፤ በሩ ላይም ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆመ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምጨምረው ሁሉ ማብራሪያ ስለሆነ፣ የቸኮለ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ማብራሪያ አደገኛ ነገር ነው። በጋዜጠኝነት ሥራ እንደተረዳሁት ማን፣ ምን፣ የትና መቼ የሚባሉት ጥያቄዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ይመጣሉ፣ መልሳቸውን ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ። «ለምን» የሚባለው ግን ለሁለት ቀን ብሎ መጥቶ ዓመት እንደሚቀመጥ ዘመድ ነው። የሶፊው ጉድጓድ «ለምን» እኔ ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጧል።

እስቲ በቅደም ተከተል ልሞክር። ሐረር ተወልጄ፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ አድጌ፣ በዚያን ጊዜ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። ራዲዮው ጠዋትና ማታ ስለ ድንበር የሚያወራበት፣ ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች ወደ ጅጅጋ የሚያልፉበት ዘመን ነው። ሶፊ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ ገጠር ነው። ጫት አለው፣ ማሽላ አለው፤ ውሃ ግን አልነበረውም። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ገንቦ አዝለው ይወርዱና ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይመለሱ ነበር።

የሶፊን ሰው ወክለው አዲስ አበባ፣ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚቀመጡት አቶ ሙሜ ይባላሉ። ጫት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው ተመርምሮ የሆነ ሰው። እንዴት እንደተመረጡ መናገር አለብኝ፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

አብዛኛው መራጭ ፊደል ስላልቆጠረ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሥዕል ምልክት ይሰጥ ነበር። ለአቶ ሙሜ ባልዲ ደረሳቸው። ለተቀናቃኛቸው ለግራዝማች ወንድይራድ፣ የሶፊን ግማሽ መሬት ለያዙት ባለርስት፣ ጃንጥላ ደረሳቸው። አስመራጩ ሥዕሉ መለያ ብቻ እንደሆነ ሦስት ገበያ እየዞረ አስረድቷል። የሶፊ ሰው ግን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሊያመጣ ያሰበውን ነገር አሥሎ የመጣ መሰለው። ፍርዱን ለእናንተ ልተው፦ ውሃ በሌለበት አገር ባልዲ ይመረጣል ወይስ ጃንጥላ? አቶ ሙሜ አሸነፉ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቃል የገቡ ብቸኛ ፖለቲከኛ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ።

ምክር ቤት ውስጥ ስለ ውሃ አራት ጊዜ ተነሥተው ተናገሩ። በመጀመሪያው ጉዳዩ ይጠናል ተባለ። በሁለተኛው እየተጠና ነው ተባለ። በሦስተኛው ጥናቱ ስላለቀ ይመረመራል ተባለ። በአራተኛው ያለቀው ጥናት የት እንደገባ እንዲጠና ተወሰነ። አቶ ሙሜ በየዕረፍቱ ሶፊ ሲመለሱ ሴቶቹ ባዶ ገንቦ አምጥተው ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። አይሳደቡም፣ አያለቅሱም፤ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ከደጃፉ ወደ መንገድ ለመውጣት እንደ ፍየል መዝለል ያስፈልግ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

በአምስተኛው ጊዜ ስለ አገር መከላከያ በጀት በሚመከርበት ቀን እጃቸውን አወጡ። ስብሰባውን የሚመሩት ሰው፣ ስለ ውሃ ከሆነ ዛሬ ቀኑ አይደለም አሏቸው። አቶ ሙሜም ስለ ጦሩ ነው አሉ። ከዚያም ጦሩ ወደ ድንበር ሲዘምት በሶፊ በኩል ቢያልፍ ምን ይጠጣል ብለው ጠየቁ። ሶፊ ድንበር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ አለመሆኑን የሚያውቅ አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርስ ወታደር ይጠማ ብሎ የሚናገር ማን ነው? አንድ ከሰሜን የመጡ እንደራሴ ብቻ፣ ጠላት ቀድሞ ደርሶ ጉድጓዱን ቢጠጣውስ ብለው ሊያፌዙባቸው ሞከሩ። አቶ ሙሜ ጎንበስ ብለው አመሰገኗቸው። ወንድሜ ያልኩትን አሟሉልኝ፣ እንግዲያው ጠባቂም ይታሰብልን አሉ። ምክር ቤቱ ሳቀ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይስቅ ጻፈ።

ወራት ሳይቆይ መሐንዲሶች መቆፈሪያቸውን ጭነው መጡ። ውሃ ወጣ፣ የእጅ ፓምፕ ተተከለ፣ ሶፊ እልል አለች። ከዚያ ያ ሰኞ መጣ።

ማክሰኞ ደረስኩ። ከበሩ ላይ የቆመው አሥር አለቃ ደምሴ የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር እየተፈራረቀ ይቆማል። ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት። «ትእዛዝ» አለኝ። ትእዛዙ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «መጠበቅ» አለኝ። ከማን? ከማንኛውም ሰው። ጉድጓዱ የማን ነው? ይህን ስጠይቀው ዞር ብሎ ጉድጓዱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው አየውና፣ ይህ የበላይ ጉዳይ ነው አለኝ።

ከሽቦው ማዶ የሶፊ ሴቶች ገንቦአቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አዴ ፋጡማ የሚሏቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ አሮጊት ነበሩ። ማስታወሻ ደብተሬን ሲያዩ ጠሩኝ።

«አንተ ጸሐፊ! ጋዜጣ ነህ? እንግዲያው ጻፍ! ባልዲ መረጥን፣ ጠመንጃ ወጣልን። በሚመጣው ጠመንጃ እንመርጣለን፤ ማን ያውቃል፣ ባልዲ ይወጣ ይሆናል!»

ሴቶቹ ሳቁ። አሥር አለቃውም ሊስቅ ብሎ ዘብ ላይ መሆኑ ትዝ አለው። አዴ ፋጡማ ግን ሳቁ ሳያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የልጃቸው ሚስት የመውለጃ ወሯ እንደገባ፣ ትናንትም ያንን ሁሉ መንገድ ገንቦ አዝላ እንደወረደች ነገሩኝ። «ውሃው እዚህ፣ እሷ እዚያ። ይህን ሙሜን ጠይቅልኝ» አሉ።

ከሙሜ በፊት ግን ግራዝማች ወንድይራድን አገኘኋቸው። የከተማ ጎረቤታችን ናቸው፤ አያታቸውና አያቴ ሐረር የገቡት በአንድ ሰሞን ነው። ደስ ብሏቸው ነበር። ጉድጓዱ የተቆፈረው በእኔ መሬት ላይ ነው፣ ከእኔ መሬት የወጣ ውሃ የእኔ ነው አሉኝ። ከብርቱካን ተክላቸው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቦይ አስቆፍረው ጨርሰዋል፤ የቀረው ከሽቦው ውስጥ ያለው ጥቂት ክንድ ብቻ ነው። ለፍርድ ቤት የሚሆን ማመልከቻም ተጽፎ ተቀምጧል። ሴቶቹስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ድሮም ይወርዱ ነበር እኮ፤ እግራቸው ለምዶታል» አሉ። ከዚያም፣ «አንተ ልጅ፣ ያ ጉድጓድ በወረቀት የማን እንደሆነ አጣርተህ ንገረኝ። የሙሜ ሕዝብ ከሆነ በአንድ ሳምንት እረከበዋለሁ።»

አጣራለሁ አልኳቸው። ማጣራት ሥራዬ ነው።

አቶ ሙሜን ግንቡ ውስጥ ባለው ገበያ፣ ጊደር መጋላ አገኘኋቸው። ምክር ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ፣ ከአንድ የጀጎል ቅመም ነጋዴ ወዳጃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰውን መውጣትና መግባት ያያሉ። የአዴ ፋጡማን ቃል አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ነጋዴው ግን በቁንዶ በርበሬው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

«ልትጽፈው ነው?» አሉኝ።

የተረጋገጠውን ብቻ እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

«ማሻአላህ። የተረጋገጠውን ብቻ ጻፍ። ሽቦ አለ?»

«አለ።»

«ሽቦው የማን ነው?»

«የጦር ሠራዊቱ።»

«የቆመው ማን ነው?»

«የጦር ሠራዊቱ ወታደር።»

«የቆፈረውስ?»

«በመከላከያ ጉዳይ በተነሣ ንግግር የመጡ መሐንዲሶች።»

«እንግዲህ ጉድጓዱ የማን ነው?»

«የመከላከያ» አልኩ።

«አንተ ነህ ያልከው፤ ወላሂ እኔ አላልኩም» አሉና ነጋዴውን ምስክር ነህ ብለው ዞሩ። ነጋዴው ምስክርነቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። አቶ ሙሜ ቀጥለው፣ ያንን ጋዜጣ ግራዝማች ወንድይራድም ያነቡት እንደሆነ ጠየቁኝ። በየሳምንቱ ያነባሉ አልኳቸው። ጥሩ አሉ።

ከዚያ ተነሥቼ እየሄድኩ፣ እኒህ ሰው የሚሰደቡበትን ዜና ተቀናቃኛቸው ያነቡት እንደሆነ የሚጠይቁት ስድብ ስለማይገባቸው ነው ብዬ አሰብኩ። አዘንኩላቸው ልበል? ጋዜጠኛ አያዝንም፤ ይመዘግባል። ሰውየው ግራ ገብቷቸዋል ብዬ መዘገብኩ።

ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያማረ ነበር። ባልዲው ነበረበት፣ ጃንጥላው ነበረበት፣ የጠፋው ጥናት ነበረበት። በምክር ቤት ላይ መሳቅ በዚያን ዘመን እንዴት እንደሚታይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዘጋጁ ሦስቱን ገጽ ወስዶ የሚከተለውን አስቀረልኝ፦ «በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በሶፊ የተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ የመከላከያ ንብረት በመሆኑ በወታደር ይጠበቃል።» አራተኛው ገጽ ላይ፣ ሥዕል ካለበት የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ በላይ።

ጋዜጣው ሐረር በደረሰ ዕለት አቶ ሙሜ ሰው ልከው ሦስት ቅጂ ወሰዱ። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቅጂ! ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወረዳቸው በጋዜጣ ስለወጣ ኮርተው ነው አልኩ።

ግራዝማች ወንድይራድ ደግሞ ቤታቸው አስጠሩኝ። ጋዜጣው ጉልበታቸው ላይ ነው። እርግጠኛ ነህ አሉኝ። ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም አልኳቸው። ጋዜጣውን አጣጥፈው አስቀመጡት። «ከሙሜ ጋር ቢሆን ዕድሜ ልኬን እከራከር ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ «ከጦር ጋር ግን ለብርቱካን ብዬ አልካሰስም።» ማመልከቻው መሳቢያ ገባ። ቦይው እንደተቆፈረ ቀረ፤ ክረምቱ ሲገባ ሣር በቀለበት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ይገባኛል፤ ማለት የገባኝ ይመስለኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶፊ ስመለስ ግን ሴቶቹ ከሽቦው ውስጥ ናቸው። ፓምፑ ይንቋረራል፣ ገንቦ ይሞላል፣ አሥር አለቃ ደምሴ በሩ ላይ ደብተር ይዞ ስም ይጠራል። ምን እየሆነ ነው አልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ፦ አቶ ሙሜ መጥተው፣ ዘብ የቆመ ወታደር ቦታውን ትቶ ውሃ መቅዳት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቁት። አይፈቀድም። እንግዲያው ማን ይቀዳልህ አሉት። ይህ በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ለጠባቂዎቹ ውሃ የሚቀዱ የአካባቢው ሰዎች ተመዘገቡ።

ደብተሩን አየሁት። የሶፊ ሴት ሁሉ ተመዝግባለች። እያንዳንዷ አንድ ጣሳ ለጠባቂዎቹ ትሰጣለች፤ ትራፊውን ገንቦ ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሁለት ወታደር ለመጠጣት ይህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እዚህ አገር ሙቀት ነው» አለኝ አሥር አለቃው፣ ፈገግ ሳይል።

በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት አዴ ፋጡማ ነበሩ። የልጃቸው ሚስት ወንድ ልጅ እንደተገላገለች ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ስለ ሙሜ ምን እንደሚያስቡ ስጠይቃቸው፣ «ዞር በል፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው አለፉኝ።

ማስታወሻዬን ይዤ ከተማ ገባሁና ተቀመጥኩ። አንደኛው ገጽ ላይ ጉድጓዱ የመከላከያ ነው፣ ሕዝብ አይቀርበውም ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ውስጥ ነው ይላል። ሁለቱም በዓይኔ ያየሁት እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው ግን ምንም አይሆኑም። አቶ ሙሜ በሚቀጥለው ምርጫ በሰፊ ድምፅ ተመለሱ፤ እኔም ዕድለኛ ሰው ናቸው ብዬ ተውኩት። ዕድል፣ ላልገባህ ነገር ሁሉ የሚሆን ጥሩ ቃል ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ምክር ቤቱ በተዘጋ ሰሞን፣ መዛግብቱ በሣጥን እየታሸጉ ሳለ አንድ የማውቀው ጸሐፊ የሶፊን ጉድጓድ ፋይል አሳየኝ። አቶ ሙሜ ሞተዋል፤ የምጠይቃቸው አልነበሩም። ፋይሉ ቀጭን ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ከዚያ ሰኞ ቀደም ብሎ በአቶ ሙሜ ፊርማ የተጻፈ ሲሆን፣ ሽቦና ሁለት ጠባቂ ለሦስት ወር ብቻ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቃል። ሁለተኛው የጦር ሠራዊቱ መልስ ነው፤ ጠባቂዎቹ ለተባለው ጊዜ መታዘዛቸውን፣ ጉድጓዱ ግን የሶፊ ሕዝብ እንጂ የመከላከያ ንብረት አለመሆኑን ያስታውቃል። ሦስተኛው እንደገና የአቶ ሙሜ ነው። ጉድጓዱ የመከላከያ ንብረት ለመሆኑ ማስረጃ አያይዣለሁና ጥበቃው ይቀጥልልኝ ይላል፤ ኅዳጉ ላይ አንድ ሹም በቀይ ቀለም «ስለተረጋገጠ ይቀጥል» ብለው ፈርመውበታል።

ማስረጃው በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ከአራተኛው ገጽ የተቆረጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሥሩ የጠፋችው በቅሎ ጆሮ ይታያል።