ሙቀት ለብቻ፣ ጭነት ለብቻ

(ቆቦ፣ እኩለ ቀን። ጠጋኙ መንሱር በፕላስቲክ ቱቦ የሠራውን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን፣ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሮ ይደባብሳል። ባለባጃጁ አላምረው ላቡን ይጠርጋል።)

አላምረው፦ በብረት ሥራልኝ አላልኩህም?

መንሱር፦ ብረት? በዚህ ዘመን? ፈረንጆቹ ከድምፅ የሚፈጥነውን አውሮፕላን ምን እንደሚያደርጉት በስልኬ ባሳየሁህ! ከመብረሩ በፊት ላቦራቶሪ አስገብተው ክንፉን በትልልቅ መብራት እያጋሉ ጭነት ይጭኑበታል።

አላምረው፦ ለምን ያግላል? ሰማይ ላይ ብርድ አይደል እንዴ?

መንሱር፦ ሲከንፍ አየሩ እየፈተገው ነዋ! አንተማ ከሮቢት እስከ ቆቦ በባጃጅ ስትጎተት ከየት ታውቀዋለህ።

አላምረው፦ ካልተሰበረ አለፈ ማለት ነው?

መንሱር፦ እንዲያውም እስኪሰበር ይጭኑታል። የሚችለውን ለማወቅ።

አላምረው፦ ደህናውን ክንፍ? ለካ እኔም መሐንዲስ ነኝ፤ ስንቱን ሰብሬያለሁ!

መንሱር፦ (በንቀት) ይሄንንም ፈትኜዋለሁ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ሙሉ ጆንያ ማሽላ ጫንኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ቀትር ላይ ባዶውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አሁንም ንቅንቅ የለም።

አላምረው፦ ማሽላውን ቀትር ላይ ለምን አልጫንክም?

መንሱር፦ በቆቦ ቀትር ጆንያ የሚሸከም ጤነኛ ሰው አይተሃል?

አላምረው፦ እኔ ነገ የሠርጌን እህል ይዤ ጎብዬ የምሄደው በቀትር ነው። ከሥሩ የሚቀመጡት ደግሞ አማቴ ሊሆኑ ያሉት እትዬ አስረሳሽ ናቸው። ራሳቸው ላይ ቢወርድ ልጃቸውን የሚሰጡኝ ይመስልሃል?

መንሱር፦ ፈሪ! ሙቀቱን አለፈ፣ ጭነቱን አለፈ። ሌላ ምን ቀረው?

አላምረው፦ እኔ እንኳ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ግን ፈረንጆቹ እያጋሉ ነው የሚጭኑት አላልክም?

መንሱር፦ (ተቆጥቶ) ወላሂ፣ ከሥሩ እኔ ራሴ እቀመጣለሁ! ጫን!

(አላምረው ከባጃጁ አጠገብ ያለውን የትናንቱን የማሽላ ጆንያ እያቃሰተ ጣሪያው ላይ ይጭናል። መንሱር የኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል።)

መንሱር፦ አየህ? ንቅንቅ...

(በፀሐይ የለሰለሰው ቱቦ ቀስ እያለ ይጎብጣል። የባጃጁ የሸራ ጣሪያ ተቀዶ ጆንያው መንሱር ጭን ላይ ይዘረጋል።)

መንሱር፦ ያ አላህ! አንሳልኝ!

አላምረው፦ (ሄዶ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ) ተረጋጋ እንጂ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጮህም።

መንሱር፦ ቱቦው ጎበጠ እኮ! የሚችለውን አወቅን፣ በቃ!

አላምረው፦ የቱቦውንማ አወቅን። አሁን የቀረን ያንተ ነው፤ ሙቀቱም ጭነቱም አንድ ላይ።