ወንጪ የት ደረሰ?

ሰው አንዴ «ኮምፒውተር ያውቃል» ከተባለ አለቀለት። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ይህ ስም ወጥቶልኛል። እንዴት ወጣልኝ? ፕሪንተር እንቢ ሲል አጥፍቼ አበራዋለሁ። ይኸው ነው እውቀቴ። ጠፍቶ በርቶም እንቢ ካለ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ይህ ባለሙያ ይጠይቃል» እላለሁ። ኮስተር ማለት ራሱ የሙያው ግማሽ ነው። በዚህ አኳኋን አምቦ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተከብሬ ኖርኩ።

ነገሩ የተበላሸው እውቀቴን ቤቴ ይዤ የገባሁ ዕለት ነው።

የባለቤቴ የለሊሴ አባት ኦቦ ቶሎሳ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የወንጪ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው ከሐይቁ ዳር እስከ አፋፉ በፈረስ ሲወጡ የሚቀድማቸው አልነበረም ይባላል። ማን ይላል? እሳቸው። ግንቦት ላይ ዓይናቸውን ሊታዩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሲስተር ጫልቱ ከመረመረቻቸው በኋላ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደር ጠራችኝ። የዓይን ግፊት ነው፤ አንዱ ዓይን ሄዷል፤ ሁለተኛውም እየሄደ ነው፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም አለችኝ። «ሊያዩት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ አሳዩአቸው፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።»

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ወንጪን።

ከአምቦ ወንጪ ሩቅ ነው እንዴ? አይደለም። ጧት ወጥተው፣ እዚያ ምሳ በልተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ይገባሉ። ጎረቤታችን ዓለሙ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ድንች ሊጭን ወንጪ ይወጣል። ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ ምን ችግር አለ? ጋቢና አስገብቼ አፋፉ ላይ አወርዳቸዋለሁ። ሐይቁን ሲጠግቡ ይዣቸው እመለሳለሁ» አለኝ።

አያችሁ፣ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ኮምፒውተር አያውቅም። እኔ አውቃለሁ! ስለዚህ አሰብኩ። አቧራው አለ። ብርዱ አለ። የሽማግሌ ወገብ አለ። እሳቸው ወደ ወንጪ ከሚሄዱ ወንጪ ወደ እሳቸው ቢመጣስ? የለሊሴ ወንድም ከዱባይ ሲመለስ ያመጣው መነጽር ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ዓይን ላይ የሚታሰር ነው፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ቀኙን፣ ቀና ስትል ሰማዩን ያሳይሃል። አንድ ጎብኚ ደግሞ ወንጪን ከነደሴቱ ዙሪያውን ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ምን ቀረ? መሰካት ብቻ።

ዓለሙን «እናመሰግናለን፤ እኛ ዘመናዊ አማራጭ አለን» አልኩት።

ሰካሁት። የቤታችን ኮምፒውተር «ግራፊክስ ካርድህ አይበቃም» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም አይበቃም አለ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ደረጀን ጠየቅሁት። ግራፊክስ ካርድ ማለት ሥዕሉን የሚሥለው ክፍል ነው አለኝ። «የአንተው ደብዳቤ ለመጻፍ ነው፤ ሐይቅ አይችልም።» ካርድ ከአዲስ አበባ ታዘዘ። ሰኔ አለቀ። ካርዱ ሲመጣ ክንድ ያክላል፤ ሁለት ማራገቢያ አለው፤ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አልገባ አለ። የመሐሉ ብረት ካልተቆረጠ አይሆንም ተባለ። በር የሚሠራ በያጅ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። «ይሄ የምን ሳጥን ነው?» አለኝ። «ወንጪ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ቆረጠልኝ።

ካርዱ ገባ። ኮምፒውተሩ ግን አልነሳ አለ። ለካ ካርዱ የሚፈልገውን ኃይል አሮጌው ፓወር ሰፕላይ መስጠት አይችልም። ሌማቱን ሳያዩ እንግዳ መጥራት ማለት ይኸው ነው። ፓወር ሰፕላይ ታዘዘ፤ ነሐሴ ሆነ። ሲመጣ ለካርዱ የሚሆን ገመድ የለውም። ገመድ ታዘዘ፤ መስከረም ጠባ። ገመዱም መጣ። ደረጀ ደግሞ መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ያቃጥልብሃል፣ ስታቢላይዘር ሳትገዛ እንዳትሰካው አለኝ። እሱን ስፈልግ ኅዳር ገባ።

ኦቦ ቶሎሳ ጧት ጧት በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ስሜን አይጠሩም፤ አማችን በስሙ መጥራት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። «ሶዳ» ይሉኛል፣ አማቼ ለማለት። «ሶዳ፣ አከም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱም (ከብት የለንም) ጠይቀው ሲያበቁ «ወንጪ የት ደረሰ?» ይላሉ።

«ፓወር ሰፕላዩን አልፏል፣ አባባ።»

«ጎሽ! እንግዲያ ዳገቱን ጨርሷላ።»

ማክሰኞ ሲሆን ደግሞ ዓለሙ በራችን ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። «ጋቢናው ባዶ ነው! ወይስ ወንጪ ገና እየተበየደ ነው?» ይለኛል። «ላም አለኝ በሰማይ ስትል ሽማግሌው ላሚቷ ከነጥጃዋ ታመልጣቸዋለች!» እስቃለሁ። ያልተማረ ሰው ሲናገር መሳቅ ደግ ነው።

አንድ ቀን ለሊሴ አልሳቀችም። «ትናንት አባቴ በሩን ሲፈልግ ግድግዳውን ሲዳብስ አየሁት» አለችኝ። «ማክሰኞ ከዓለሙ ጋር ይሂድ።»

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን አልኳት። ደግሞስ ይህን ሁሉ ከለፋን በኋላ በድንች መኪና ቢሄዱ፣ ታዲያ ለምን ለፋን ሊባል ነው? ይህ ጥያቄ ስንት ሰው፣ ስንት መሥሪያ ቤት እንዳጠፋ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔንም አጠፋኝ።

ጥር ላይ ሠራ።

ኦቦ ቶሎሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽሩን አሰርኩላቸው። ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ። ስክሪኑ ላይ ወንጪ ወለል አለ፤ ውኃው፣ ደሴቱ፣ ገደሉ ላይ የበቀለው አስታ ሳይቀር። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አነሱና «አሸማ!» አሉ። አገር ሲገባ ሰላምታ ይቀድማላ።

በዚህ ጊዜ ወፍጮው ዝም አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። መብራት ሄደ።

አፌን ከፈትኩ። «አባባ—» ከማለቴ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። «ያውት ደሴቱ! ጀልባው እየተሻገረ ነው። ፈረሶቹ ወደ ውኃው ወረዱ፤ ከፊት ያለው ዳማ የእኔን ይመስላል።» ለሊሴ ከኋላቸው ቆማ ታለቅሳለች፤ ደስ ብሏት ነው። እኔ ምን ልበል? መብራት ሄዷል ብል አማቴን ውሸታም ማድረጌ ነው። እንዲህ ያለ ቃል አማት ፊት ከአፍ ይወጣል?

«አዎ አባባ፤ ጀልባዋ ደረሰች» አልኩ።

ሁለታችን እንዲህ ጨለማውን እያየን ሐይቁን ዞርነው። ሲበቃቸው መነጽሩን ራሳቸው አወለቁ። «ገለቶሚ፣ ሶዳ» ብለው አመሰገኑኝ። «ጠገብኩ።» መብራቱ ሲመጣ «እንደገና ልክፈትልዎት?» ብላቸው፣ ከጠገቡ በኋላ መስገብገብ ነው አሉኝ።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ተመለስን። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ መንገዱን ሁሉ ይህን እያልኩ፣ ክንዳቸውን ይዤ እየመራሁ። ሲስተር ጫልቱ ባትሪዋን ዓይናቸው ላይ አበራች። አልጨፈኑም። ጨርሶ ማየት ያቆሙት ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«ከወንጪ ስመለስ ነው» አሉ፣ ኮራ ብለው።

ሲስተር ፊቷ በራ። «አሳየሃቸው ማለት ነው? እግዚአብሔር ይስጥህ! ስንቱ ነው ነገ ዛሬ ሲል የሚያመልጠው!» ፊቴን ኮስተር አደረግሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? «ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» አለችኝ።

«ስምንት ወር» አልኳት ሳላስበው።

ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። «መንገዱስ እንዴት ነው አባባ?»

ኦቦ ቶሎሳ በዳበሳ እጄን ፈልገው ያዙ።

«መንገዱ ደህና ነው» አሉ። «ልክ ሐይቁ ጋ ስንደርስ መብራት ሄደብን እንጂ።»