ስለ ድልድዩ የጸለይኩት

ዓይን አፋር ሰው የሚናገረው የለውም ያለው ማን ይሆን? የሚናገረውማ ሞልቶታል፤ የሚቸግረው የሰው ዓይን ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ምህንድስና ተምሬ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ታክሲ ውስጥ ግን «ወራጅ አለ» ማለት እያቃተኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ አብሬ የምሄድ ሴት ነኝ። አዳማን ዳር እስከ ዳር ያወቅኳት እንዲያ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ መቅረብማ የማይታሰብ ስለነበር፣ በእማዬ ቁርስ ቤት ውስጥ ሳህን አነሳ ነበር። ይህን ለዓመታት የደበቅኩትን ምስጢርም የምነግራችሁ በጽሑፍ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ወረቀት አያፈጥብኝም።

ነገሩ የድልድይ ነው። ሰፈራችን አጠገብ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ በሰፊ ሊተካ ነው ተባለ። ደስ አለን። ደስታችን የቆየው ግን ፕላኑ እስኪነገረን ድረስ ነው። ለካ ሥራው እስኪያልቅ መንገዱ ተዘግቶ፣ ያ ሁሉ የጅቡቲ ከባድ መኪና በሰፈራችን መሃል በሚቆረጥ ተለዋጭ መንገድ ሊያልፍ ኖሯል! ለዚያም የእማዬ ቁርስ ቤት ሊፈርስ። እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ የዚያ ቤት ፉልና ጨጨብሳ ነው።

ነዋሪው ስብሰባ ወጥቶ «ወጪውም ይቀነስ፣ እኛንም አታፈናቅሉን!» ብሎ ጮኸ። የድልድዩ ሥራ መሐንዲስ ጨዋ ሰው ነውና በእርጋታ «እሺ፣ እንዴት?» ብሎ ጠየቀ። ሲጮኽ የነበረው ሁሉ ጎረቤቱን ማየት ጀመረ። እንዴት እንደሆነ የማውቀው እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። እጄን ላወጣ ብዬ ፀጉሬን አስተካክዬ መለስኩት።

አሁን የጸሎት ኅብረታችንን ላስተዋውቃችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ጉዳይ ጮክ ብለን እንጸልያለን። ለዓይን አፋር ከዚህ የተሻለ አገር የት ይገኛል? ዓይን ሁሉ ተጨፍኗል፤ ጆሮ ሁሉ በራሱ ድምፅ ተይዟል። እኔም በዚያ ሐሙስ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ምህንድስና ለፈጣሪ ዘረገፍኩት። «ጌታ ሆይ፣ የአዲሱን ድልድይ ግማሽ ከአሮጌው ጎን፣ በባዶው ሜዳ በኩል አስቀድመው ይሥሩ! መኪናው ወደዚያ ሲዞር አሮጌውን ያፍርሱ! ሁለተኛውን ግማሽ በእሱ ቦታ ያቁሙ! ተለዋጭ መንገድ አያስፈልግም፣ ጌታ ሆይ! የካሳውም ወጪ ይቀራል!» እያልኩ ስጮህ፣ ለካ ሌላው ሰው ጸሎቱን ጨርሶ ዝም ብሏል።

ዓይኔን ብገልጥ ሁሉም አፍጠውብኛል። የኅብረቱ መሪ ጋሽ ደቻሳ «ዋቃ ኮ! የእኔ አምላክ!» አሉ። «መማሯንስ እናውቃለን፤ ሰላም ማለት የሚያቃታት ልጅ ግን ይህን ድምፅ ከየት አመጣችው? ተገልጦላት ነው እንጂ!» ቤቱ በሃሌሉያ ተናጋ። እማዬ እያለቀሰች ሳመችኝ። «አይ ጋሽዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ የመጣ ጥያቄ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት? «አሜን» ብዬ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ደቻሳ ተነስተው ጸሎቴን ሳያዛንፉ ተናገሩት። መሐንዲሱ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲያበቃ «ጥናቱን ማን ሠራላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጋሽ ደቻሳ በኩራት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ሰውዬው ጣሪያውን አየ፤ የጻፈውን አየ፤ አንዴ ደግሞ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አለቆቹን አማክሮ ተመለሰና «ያስኬዳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል» አለ። እልልታው እስከ ባጃጅ ተራው ተሰማ።

ድልድዩ እንደተጸለየው ተሠራ፤ ቁርስ ቤቱም ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያ መሐንዲስ ጸሎቱ የማን እንደነበር ሰፈሩን አጠያይቆ ብቅ አለና ጨጨብሳ አዘዘ። በልቶ ከጨረሰ በኋላ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ወደ መተሐራ በኩል አንድ ያስቸገረኝ ድልድይ አለ። በጸሎትሽ ብታስቢኝ?» አለኝ።

እኔም አንገቴን ደፍቼ «እጸልያለሁ» አልኩት፤ «ፕላኑንና የአፈር ምርመራውን ግን ይዘውልኝ ይምጡ።»