ዝናብ የሚያጠፋ ሶፍትዌር

ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ልንገዛው ስላሰብነው ዕቃ ማሰብ ይጣፍጣል። የተገዛ ነገር ያው ተገዛ፤ አቧራ ይለብሳል፣ ጎረቤት ይዋሰዋል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። ያልተገዛው ግን እንደ ልባችን ነው። በተለይ ሶፍትዌር! ጫማ ለመግዛት ብታስቡ ቢያንስ እግራችሁን ታውቁታላችሁ። ሶፍትዌር ግን በእጅ የማይያዝ፣ ያለውን ሳትገዙ የሚመጣው ይበልጣል የሚባልለት ጉድ ነው። ታዲያ ይህ ጉድ እንደ እኔ ያለ፣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዳሞታ ተራራ ጉም ሲለብስ እያየ የሚያልም ሰው እጅ ሲወድቅ ምን ሊፈጠር ነው?

ነገሩ የተጀመረው በሠርጌ ዕለት ነው። ባለቤቴን ማርታን ያመጣሁት ከሁምቦ ነው። ያን ቀን የሁምቦ ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር፤ ሶዶ ስንደርስ ግን ሰማዩ ተቀደደ። የሙሽሮቹ መኪና እናቴ ደጅ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ማርታ ስትወርድ አንዱ ባለተረከዝ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እኔ ምን አደረግኩ? ለሱፌ ተጨነቅኩ። እናቴ ግን ከዳሱ ሮጣ ወጣች፤ ነጠላዋን ሙሽራዋ ላይ ጣል አደረገችና ጭቃው ላይ ተንበርክካ የራሷን ኮንጎ ጫማ አውልቃ አጠለቀችላት። እሷ በባዶ እግሯ፣ ሙሽራዋ በቬሎና በላስቲክ ጫማ፣ እልል እየተባለ ገቡ። ቪዲዮ የሚያነሳው ዘመዴ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር አላስቀረም፤ አይ የሰው ጭካኔ!

በእኛ ወግ የሙሽራ እናት ልጇን ከደጇ ትሸኛለች እንጂ ተከትላ አትሄድም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታይም። ለመልስ በሄድን ጊዜ አማቴ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ፊልሙን ነው። ሴቱንም ወንዱንም አንድ በሚያደርገው አማርኛቸው፣ «ልጄ እናንተ ቤት እንዴት ገባ? ማን ተቀበለው? እሱን ብቻ አሳየኝ» አሉኝ። ከማርታ ሌላ ልጅ የላቸውም። አሳይዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ግን ያንን እንዴት አድርጌ ላሳይ? ጥሬ ሥጋ በክብር በሚቀርብበት አገር እኔ ጥሬ ፊልም ለማቅረብ አፈርኩ። አንዲት ልጃቸውን የሰጡኝ ሴት፣ ልጃቸው በኮንጎ ጫማ ስትገባ ቢያዩ ምን ይሉኛል? ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ኸይረዲን ሱቅ ሄድኩ።

ኸይረዲን ኮምፒውተርና የኮምፒውተር ነገር የሚሸጥ የስልጤ ልጅ ነው። ነጋዴ ነው ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የእሱ በሽታ ሐቀኝነት ነው። ፊልም የሚቆርጥና የሚያሳምር ሶፍትዌር እንዳለው ነገረኝና ወዲያው፣ «ግን ወንድሜ፣ አሁን ብትገዛው ይቆጭሃል፤ አዲሱ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። ዝናብ ያጠፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን አከከ። ይሄኛው እንደማያጠፋ፣ የሚመጣው ግን ሳያጠፋ እንደማይቀር ነገረኝ። ወላሂ ብሎ አልማለልኝም፤ እኔ ግን እንደ መሐላ ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ በጣም ጣፋጭ ነበር። ሲመሻሽ በረንዳዬ ላይ እቀመጥና ፊልሙን በሐሳቤ እሠራዋለሁ። ዝናቡን አበባ አደርገዋለሁ። የዳሞታን ጉም ወደ ታች ስቤ እናቴ ደጅ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ ማርታ ከጉሙ ውስጥ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ እናቴ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯም ደርቆ፣ እቅፍ አበባ ይዛ ትቀበላታለች። አንድ ማታ መኪናዋን ጨርሶ አወጣሁና በፈረስ ተካኋት። ማርታ እራት ቀረበ ስትለኝ ከሰማይ ነው የምወርደው።

አዲሱ ሲመጣ ታዲያ ኸይረዲን ሌላ አዲስ እየመጣ መሆኑን ሰምቶ ይጠብቀኛል። እኔም ደስ እያለኝ እመለሳለሁ። ደግሞ እኮ ያኔ መጠበቅ ነውር አልነበረም! መሥሪያ ቤታችን ራሱ አዲስ መዋቅር ይመጣል ተብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ቢፒአር የሚሉት መዋቅር እስኪመጣ ያልሠራ ሠራተኛ ሶፍትዌር እስኪመጣ ቢጠብቅ ማን ይገመግመዋል?

የምትገመግመኝ ጊፋታ ነበረች። የወላይታ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሁምቦ እንወርዳለን። አማቴ ከእንሰት የተሠራውን ሙቹዋ ቅቤ አጠጥተው ከዳጣ ጋር ያቀርቡና ፊት ፊቴን ያዩኛል። እኔም አፌ እንደሞላ፣ «አዲሱ ሲወጣ ነው የማሳይዎት እናቴ! አዲሱ በጣም ይሻላል!» እላለሁ። «ይሻላል?» ይላሉ። «በጣም!» እላለሁ። እሺ ብለው ዳጣውን ወደ እኔ ያስጠጋሉ። በዚህ መሀል ልጆች ወለድን፣ ሚሊኒየሙም መጥቶ አለፈ። አንድ ዓመት ስንሄድ አማቴ እኔን ከማርታ አጎት ለመለየት በጣም ተጠግተው አዩኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ስንመለስ ማርታ ሶዶ ስንገባ፣ እናቷ ሳያዩት ዓይናቸው ቢጠፋ መቼም ይቅር እንደማትለኝ ነገረችኝ።

በማግሥቱ ኸይረዲንን ያለህን ስጠኝ አልኩት። «ትንሽ ብትታገስ…» ሊል አፉን ሲከፍት ዲስኩን ከእጁ ነጠቅኩት። ዝናብ ያጠፋል? ምን ያጠፋል! ግን ልብ ያበራል፣ ርግብ ይለቃል፣ ስም እያሽከረከረ ያመጣል። እኔም የደጁን ነገር ቆርጬ ጣልኩና ቦታውን በልብና በርግብ ሸፈንኩት። ሲያዩት ያምራል፤ እውነት ያምራል።

በሚቀጥለው ጊፋታ ሁምቦ፣ አጎቷ ቤት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አማቴን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር አስቀመጥናቸው። መኪናዋ ሶዶ ገባች። አንድ ትልቅ ቀይ ልብ መጣ፤ ርግቦች በረሩ፤ ልቡ ሲከፈት ማርታ ዳስ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። አማቴ ዞር ብለው መቼ ነው የገባው አሉ። መልሼ አሳየኋቸው። ልብ፣ ርግብ፣ ወንበር። «አሞራውን አየሁ። ልጄ ሲገባ ግን አላየሁም። ዓይኔ ነው» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔን ጥፋት በዓይናቸው ላይ ሲያሳብቡ እንዴት ልቻለው? ማርታ ቦርሳዋን ከፈተችና እኔ የቆለፍኩበትን ካሴት አወጣች። የሳጥኑን ቁልፍ የት እንዳገኘችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። አጎቷ አሮጌ የቪዲዮ ዴካቸውን አቧራውን እፍ ብለው ሰኩት።

ዝናቡ ወረደ። ጭቃው ታየ። እናቴ ሮጣ መጥታ ተንበረከከች። አማቴ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፈው እናቴን በመዳፋቸው ዳሰሷት። «እናትህ የራሱን ጫማ! የራሱን አውልቆ ለልጄ!» እያሉ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ድገሙልኝ አሉ፤ ደገምንላቸው፤ አሁንም ድገሙ አሉ። ከዚያ ጓዳ ገቡና ለእናቴ የሚሆን ትልቅ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መጡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስድቤን እጠብቃለሁ።

ደጅ ድረስ ሸኙን። ትከሻዬን ያዝ አድርገው መረቁኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንተ እውነትህን ነው። ሰው ሁሉ ሲያማህ እኔም ትንሽ አምቼህ ነበር። መጀመሪያ ያሳየኸኝ አሞራ ብቻ ነው፤ አዲሱ ግን በጣም ይሻላል!»