ከሰላምታ የማያልፍ መስመር

የአገራችን ሰላምታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለክቻለሁ። ወድጄ አይደለም። አቃቂ ውስጥ በአንድ ክር ፋብሪካ ጥገና ክፍል ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገር ሲበላሽ ሰዓቴን ማየት ልማዴ ነው። ባለቤቴ አስካለ ስልክ አንስታ፣ የጤናውን፣ የእንቅልፉን፣ የብርዱን ነገር ጠይቃ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላምታ በየስሙ አድርሳ ወደ ቁም ነገሩ እስክትገባ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። አትፍረዱባት፤ እናንተም ብትለኩ ከዚህ የምታንሱ አይመስለኝም።

ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መመላለስ በጀመረ ሰሞን፣ ኖርዌይ ያለችው ልጃችን ራሔል አንዲት ጥቁር ሳጥን በሰው ላከችልን። አዳፕተር ትባላለች። ከኢንተርኔቱ ጋር ታያይዟታላችሁ፣ ተራውን የቤት ስልክ ትሰኩባታላችሁ፣ ከዚያ ኖርዌይ ጎረቤት ትሆናለች። ራሔል ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስም የምታወጣላት እናቴ ናት ብላም ባሏን አሳምናለች። አማቷ ግን ስሙ እስከ ዓርብ ካልመጣ እኔ የመረጥኩት ይመዘገባል ብለዋል። አስካለ ስሙን ቆርጣ ጨርሳለች፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። በጽሑፍ ላኪላት ብላት፣ "የልጅ ስም በአፍ ነው የሚወጣው" አለች። በሞባይል እንዳትደውል ደግሞ ካርዱ ሰላምታው ሳይጋመስ ያልቃል።

ሳጥኗ ቅዳሜ ቤታችን ገባች። መብራቷ አረንጓዴ ሆነ፣ ስልኩ ጠራ፣ አስካለ እልል አለች። ሰላምታው ተጀመረ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ፣ የጎረቤታችን የእማማ ወርቄ ጉልበት እየተወሳ ሳለ፣ መስመሩ ጭጭ አለ። እሑድም በአሥረኛው። ሰኞም እንዲሁ። ስሙ ከሰላምታው ማዶ ቀረ።

እንግዲህ ጥገና ሙያዬ ነው። ገመዱን ቀየርኩ። ሶኬቱን ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ሳጥኗን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ቡፌው ላይ አወጣኋት። ጥፋቱን መጀመሪያ በኔትወርኩ፣ ቀጥሎ በራፋችን ላይ በሚያልፉት ከባድ መኪኖች፣ ኋላም ከጀርባችን ባለው የብየዳ ቤት አመካኘሁ። በመጨረሻ ሳጥኗን ታቅፌ ሳሪስ አቦ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው የስልጤው ልጅ ሸምሱ ዘንድ ወሰድኳት። ሱቁ ውስጥ ሰክቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስወራት፤ ንቅንቅ አላለችም። "ጋሼ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም" አለኝ። ቤት መለስኳት። በአሥረኛው ደቂቃ ጭጭ።

ሐሙስ ደረሰ። "ሰላምታውን ተዪውና ስሙን ብቻ ንገሪያት" አልኳት። እንደ ነውር ቆጠረችው፤ ግን ነገ ዓርብ ነው። ደወለች።

"ራሔል፣ ስሚኝ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

ከማዶ፣ "እማዬ፣ ማን ሞተ?"

ከአገር ቤት ሰላምታ የሌለው ስልክ ሲደወል ምን ማለት እንደሆነ ረስቼው ነበር። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። "አባዬ ነው አይደል? አትደብቂኝ" ስትል ስልኩን ተቀብዬ አለመሞቴን ማስረዳት ያዝኩ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አምናኝ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ እናቷ ስልኩን መልሳ ስትቀበል አሥረኛው ደቂቃ ሞላ። አስካለ እጀታውን እንደያዘች አለቀሰች።

ዓርብ ጠዋት ሸምሱን ለምኜ፣ ከጁምዓ በፊት ቤት ድረስ አመጣሁት። ቡፌውን ቃኘና "ሳጥኗ የታለች?" አለ።

"ያቻት።"

"የታለች?" አለ ደግሞ።

አስካለ ሳጥኗ ትመጣለች ሲባል ጊዜ ዳንቴል ሠርታ ጠብቃታለች፤ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ፣ ጠርዙ ቢጫ። ቴሌቪዥናችን ለብሷል፣ ሬዲዮኑ ለብሷል፤ ከልጇ የመጣችው ሳጥን ምን በወጣት ራቁቷን ትቀመጥ? ሸምሱ ዳንቴሉን ገልጦ ሳጥኗን ነካ አደረገና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

"እትዬ፣ ይቺ እኮ ታፍና ነው። ሲግላት ሥራ ታቆማለች።"

ለካ ወደ ሱቅ ስወስዳት ዳንቴሉን አውልቄ፣ ቤት ስመልሳት በገዛ እጄ አልብሻታለሁ። ፋብሪካችን ውስጥ "ሞተር ላይ ልብስ መስቀል ክልክል ነው" የሚለውን ማስታወቂያ ጽፎ የለጠፈው ማን እንደሆነ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ዳንቴሉ ተነሣ። አስካለ ደወለች። አሁን ስሙን፣ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እሷ ግን ትናንት የሆነውን አይታለች፤ ከጤናው ጀመረች። እንቅልፉ፣ ብርዱ፣ የእማማ ወርቄ ጉልበት። ሸምሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሳጥኗን በጋዜጣ አራግባለሁ። አሥር ደቂቃ አለፈ። አሥራ ሁለትም አለፈ።

"ማኅሌት በያት" አለች።

ራሔል ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ስትጠራው ከእጀታው አልፎ ለእኛም ተሰማን። ማኅሌት የእናቴ ስም ነው። እናቴ በሕይወት ሳሉ ከአስካለ ጋር ብዙም አይስማሙም ነበርና ይህን ከእሷ አልጠበቅሁም፤ ሸምሱን የምሸኝ መስዬ ደጅ ወጣሁ።

ዳንቴሉስ ትሉኝ ይሆናል። አስካለ አጥባ፣ ዙሪያውን በክር ሰብስባ፣ ቆብ አድርጋ ለማኅሌት ላከችው። ራሔል ሲደርሳት ደወለች፤ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ የዚህን አገር ብርድ ይችለው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

"በሙቀቱ አትጠራጠሪ" አልኳት። "እኔ ራሴ ስድስት ቀን ሙሉ ሞክሬዋለሁ።"